የፔንሲልቫኒያ ፉርጎ ዩታ ምን ትሠራለች?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ዴንቨር ነው። በ1950ዎቹ ዩታ ውስጥ ኦግደን ጣቢያ ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ እጄ ገባ። ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ ያለችው የሻንጣ ፉርጎ ጎኗ ላይ ‹ፔንሲልቫኒያ› ተጽፏል። እኔ እስከማውቀው የፔንሲልቫኒያ ባቡር ኩባንያ ሐዲድ በምዕራብ በኩል ቺካጎና ሴንት ሉዊስ ላይ ያበቃል። ታዲያ ፉርጎዋ ተሽጣ ነው? ተከራይታ? ወይስ ከኒውዮርክ የተነሳ መንገደኛ ሻንጣው እንዳይወርድበት ተብሎ አብራው መጥታ? ከልጄ ጋር የዚያን ዘመን ባቡር በሞዴል እየሠራን ስለሆነ የትኛውን ፉርጎ እንደምገዛም ቢነግሩኝ።»

መልስ፦ አልተሸጠችም። እኛ ኪራይ በምንለው መንገድም አልተከራየችም። የመንገደኛ ሻንጣ ይዛ እስከዚያ መድረሷንም እጠራጠራለሁ። ከሦስቱ ግምቶችዎ ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጥፋቱ ግን የስሟ እንጂ የእርስዎ አይደለም። «የሻንጣ ፉርጎ» የሚለው መጠሪያ ከድሮ የቀረ ነው። ሥራው ከስሙ ከተለያየ ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በዚያ ዘመን ቲኬት የቆረጠ አንድ አዋቂ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ያህል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማስጫን ይችል ነበር። ብዙ ይመስላል። ግን አብዛኛው ሰው በእጁ የምትንጠለጠል ሻንጣ ይዞ ስለሚሳፈር የአንድ ሙሉ ባቡር መንገደኛ ዕቃ አንድ ፉርጎም ላይሞላ ይችላል። ፎቶው ላይ አምስት ወይም ስድስት የሻንጣ ፉርጎ ተቀጣጥሎ ካዩ፣ ከአንዱ በቀር የተቀሩት የፖስታ ጆንያና ኤክስፕረስ የጫኑ ናቸው ብለው ቢወስዱ አይሳሳቱም። ኤክስፕረስ ሲባል ከቤት ለቤት የሚላክ፣ የሚቸኩልና ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ ነው፤ የልብስ ካርቶን፣ የተቆረጠ አበባ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ የፊልም ጥቅል፣ ውሻ በሳጥን። ይህን ሥራ ከ1929 ጀምሮ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የያዘው ሬይልዌይ ኤክስፕረስ ኤጀንሲ የሚባል ድርጅት ነበር። ባለቤቶቹ ደግሞ ራሳቸው ባቡር ኩባንያዎቹ ነበሩ፣ ሰማንያ ስድስት ሆነው። ይህን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ፖስታውም እንደዚያው ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በጥር 1913 የጥቅል መልእክት አገልግሎት ሲጀምር ገበሬው ከከተማ መደብር ጫማና የወተት መናጫ በፖስታ ማዘዝ ጀመረ። ከ1918 ወዲህ አንድ ቀን የሞላቸው ጫጩቶች ሳይቀሩ በፖስታ ይላኩ ነበር። ደብዳቤ ቀላል ነው፤ ጥቅል ግን ቦታ ይፈጃል። ፖስታ ቤቱም ከ1916ቱ ሕግ በኋላ ለባቡር ኩባንያዎቹ የሚከፍለውን ሒሳብ ከክብደት ወደ ቦታ አዞረው፤ በፉርጎው ውስጥ ስንት ጫማ ርዝመት እንደያዘ ተለክቶ ይከፈላል። ሙሉ ፉርጎ የሚባለውም ልኩ 60 ጫማ ነበር፣ 18 ሜትር ከጥቂት። ፎቶዎ ላይ ያለችው ፉርጎ ርዝመቷ ወደዚያ የተጠጋው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን ቺካጎ ላይ የሚሆነውን እንይ፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈታው እዚያ ነው። ቺካጎ ስድስት ትልልቅ የመንገደኛ ጣቢያ ነበራት። ከምሥራቅ የመጣ መንገደኛ ወርዶ፣ ታክሲ ወይም የአመላላሹን መኪና ይዞ፣ ከተማውን አቋርጦ ሌላ ጣቢያ ይሳፈራል። ባውሎውም እንዲሁ ነው። ከፉርጎው በጋሪ ይወርዳል፣ በካርድ ቁጥሩ ይለያል፣ በከባድ መኪና ወደ ሌላው ጣቢያ ይወሰዳል፣ እንደገና ይጫናል። መንገደኛው ከኒውዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ አንድ ካርድ ስለያዘ ሻንጣው ከአንዲት ፉርጎ ያልወረደ ይመስለዋል። ሻንጣው ግን እንደ ባለቤቱ ወርዷል። በ1946 የቼሳፒክና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ ሊቀ መንበር ሮበርት ያንግ በጋዜጣ ያወጣው ማስታወቂያ በዚህ ነገር ነው አገሩን ያሳቀው፤ ዐሣማ ባቡር ሳይቀይር አገር ያቋርጣል፣ እርስዎ ግን አይችሉም የሚል። እውነቱን ነበር። በዚያው ዓመት ጥቂት የመኝታ ፉርጎዎች ቺካጎን ሳይራገፉ እንዲያልፉ ተደረገ፤ ያም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ቀረ። የሻንጣ ፉርጎዋ ግን ማንም ሳያስተውላት እንደ ዐሣማው ስታልፍ ኖራለች።

ለምን እሷ ብቻ? የጆንያውን ብዛት ያስቡት። ኒውዮርክ ስምንተኛ ጎዳና ላይ ያለው ዋናው ፖስታ ቤት በ1914 ሥራ ሲጀምር የተሠራው በቀጥታ ከፔንሲልቫኒያ ጣቢያ ሐዲዶች በላይ ነበር። ጆንያው ከላይ ወደ ታች ወርዶ ፉርጎው ውስጥ ይገባል። ለሳን ፍራንሲስኮና ለአካባቢው ብቻ የሚሆን ጭነት አንድ ፉርጎ ከሞላ በሩ ተዘግቶ ይታሸጋል። ቺካጎ ሲደርስ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው፣ እሽጉን ቆርጦ በመቶ የሚቆጠር ጆንያ በሰው ትከሻ አውርዶ፣ ቆጥሮ፣ በመኪና አመላልሶ፣ ሌላ ፉርጎ ውስጥ እንደገና ቆጥሮ መደርደር ነው። ወዛደር ይከፈላል፣ ሰዓት ይሄዳል፣ ጆንያ ይጠፋል፣ የጠፋውም የማን እንደሆነ ሲያጨቃጭቅ ይከርማል። ሁለተኛው፣ ፉርጎዋን ራሷን በማንቀሳቀሻ ሎኮሞቲቭ ስቦ ወደሚቀጥለው ኩባንያ ባቡር መቀጠል ነው። በቺካጎ ዩኒየን ጣቢያ ፔንሲልቫኒያና ወደ ምዕራብ የሚሄደው በርሊንግተን የሚባለው ኩባንያ ሁለቱም በደቡቡ በኩል ስለሚገቡ እዚያ ይህ የጥቂት መቀያየሪያ ጉዳይ ነው። ወደ ሌላ ጣቢያ መሄድ ካለባት በከተማው ዙሪያ ያሉት የማገናኛ ሐዲዶች ይወስዷታል። በሴንት ሉዊስና በካንሳስ ሲቲ ደግሞ ኩባንያዎቹ በጋራ ያቋቋሟቸው የተርሚናል ድርጅቶች ሥራቸው ይኸው ነበር። ስለዚህ ፉርጎዋ የሄደችው ጭነቷ ስለሄደ ነው። ጭነቱ እንዲወርድ ከማድረግ ፉርጎውን ማዋስ ይረክስ ነበር፤ የመልሱ ዋና ነገር ይህ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ ግር የሚለው በምክንያት ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ አንድ ኩባንያ፣ አንድ መስመር ነበር። ለገሃር የቆመ ፉርጎ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ሌላ የሚሆንበት ኩባንያ የለማ። የኤርትራው ባቡርም ሐዲዱ 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲሆን የጅቡቲው 1,000 ነው። ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ በአምስት ሳንቲ ሜትር ምክንያት አንዱ የሌላውን ፉርጎ መቀበል ባልቻለ ነበር። (ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ «ፉርጎ» የምንለው ቃል ራሱ ከፈረንሳዮቹ የመጣ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ ከመንገደኛ ባቡር ጋር የሚቀጠለው የሻንጣ ጋሪ ማለት ነው። እኛ ለሁሉም አደረግነው።)

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበሩም። የደቡብ ግዛቶች ሐዲድ በአብዛኛው አምስት ጫማ ስፋት ስለነበረው ከሰሜኑ ጋር አይገጥምም ነበር። ግንቦት 31 እና ሰኔ 1 ቀን 1886 ወደ 11,500 ማይል የሚጠጋ ሐዲድ በሁለት ቀን ውስጥ አንዱን ዘንግ ወደ ውስጥ አስጠግተው አጠበቡት። ከዚያ ወዲያ ነው ፉርጎ ከሰሜን እስከ ደቡብ እንደ ልብ ሊንከባለል የቻለው። ለእርስዎ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ከፈለጉ በራስዎ ግዛት አላሞሳ አለልዎት። ከዚያ ወደ ዱራንጎ የሚሄደው መስመር ሦስት ጫማ ብቻ ስፋት ስለነበረው፣ የመንገደኛው ባቡር በ1951 እስኪቆም ድረስ ሻንጣውም ጆንያውም አላሞሳ ላይ በእጅ ይገለበጥ ነበር። እዚያ የትም ኩባንያ ፉርጎ ማዋስ አይሠራም።

የሐዲድ ስፋት ሲገጥም ሁሉም ይገጥማል ማለት ደግሞ አይደለም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። የመንገደኛ ባቡር በክረምት የሚሞቀው ከሎኮሞቲቩ በሚመጣ እንፋሎት ሲሆን፣ የሻንጣ ፉርጎዎች ደግሞ ከሎኮሞቲቩ ቀጥለው ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ፉርጎዋ ራሷ መሞቅ ባያስፈልጋት እንኳ እንፋሎቱን ወደ ኋላ የሚያሳልፍ ቧንቧ ከሆዷ ስር ከሌለ ከኋላዋ ያለው መንገደኛ ሁሉ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከፍሬኑ የአየር ቱቦ ሌላ፣ ኮንዳክተሩ ለሾፌሩ ምልክት የሚልክበት ለብቻው የሆነ የአየር መስመርም ያስፈልጋታል። ከስር ያለው ቦጊም፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዘው ክፈፍ፣ ለፍጥነት የተሠራ መሆን አለበት፤ የጭነት ባቡር ፉርጎ የሚቀመጥበት ቦጊ በመንገደኛ ባቡር ፍጥነት ይዘላል። ኤክስፕረስ የሚጭኑ ተራ የሚመስሉ የጭነት ፉርጎዎች በፎቶ ላይ ካዩ እነዚህ ነገሮች የተጨመሩላቸው ናቸው። ወደ ኒውዮርክ ለመግባትማ ሌላ ገደብም ነበር፤ በ1910 ከሃድሰን ወንዝ ስር በተከፈተው ዋሻ ከእንጨት የተሠራ ፉርጎ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የለምና።

መረካከቢያው ጣቢያ ላይ ተቀባዩ ኩባንያ የራሱን መርማሪ ያቆማል። ሰውየው በእጁ ፋኖስና መዶሻ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ይሄዳል። ጎማውን መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ የተሰነጠቀ ጎማ እንደ ደወል አይጮህም። ከዚያ የኩሽኔታውን ሳጥን ክዳን በመንጠቆ ይከፍታል። የዚያን ዘመን ኩሽኔታ በዘይት በተነከረ ክር የሚለሰልስ ነሐስ ነበር። ክሩ ከደረቀ ወይም ቦታውን ከለቀቀ አክስሉ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም ይቆረጣል። መርማሪው የእጁን ጀርባ ሳጥኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከነካ በኋላ ማቆየት ካቃተው ፉርጎዋ ከባቡሩ ትነቀላለች፤ የታሸገ የገና ስጦታም ብትጭን አይታዘንላትም። ደንቡ ግልጽ ነበር። በእርጅናና በሥራ ብዛት ያለቀውን ተቀባዩ ይጠግንና ሒሳቡን ለባለቤቱ ይልካል። በግጭት ወይም በአያያዝ ጉድለት የተሰበረውን ግን የሰበረው ይከፍላል። መርማሪው ገና ስትገባ ጉድለቷን መዝግቦ የሚይዘውም ኋላ «አንተ ነህ የሰበርኸው» እንዳይባል ነው። መኪና ተከራይተው ሲረከቡ ጭረቱን በስልክዎ ፎቶ እንደሚያነሱት ይቁጠሩት።

ገንዘቡስ? እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች የጭነት ባቡሩን ደንብ ወስደው ለሻንጣ ፉርጎ ይለጥፉታል፤ ስሕተት ነው። የጭነት ፉርጎ ከ1902 ጀምሮ የሚታሰበው በቀን ነው፤ ሌላ ኩባንያ ሐዲድ ላይ ባደረ ቁጥር፣ ይሂድም ይቁምም፣ ሒሳብ ይቆጥራል። የመንገደኛ ባቡር ፉርጎ ግን፣ የሻንጣውን ጨምሮ፣ የሚታሰበው በማይል ነበር። ኮንዳክተሩ በየጣቢያ ክፍሉ የባቡሩን ፉርጎዎች ባለቤትና ቁጥር ይመዘግባል፣ ወረቀቱ ወደ ፉርጎ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ በወሩ መጨረሻ ኩባንያዎቹ ያላቸውንና ያለባቸውን አቻችለው ልዩነቱን ብቻ ይከፍላሉ። የእርስዎ ፉርጎ ከኒውዮርክ ቺካጎ በራሷ ሐዲድ 908 ማይል ሄዳለች። ከቺካጎ እስከ ካውንስል ብላፍስ በአንዱ የምዕራብ ኩባንያ ሐዲድ፣ ከዚያ እስከ ኦግደን በዩኒየን ፓሲፊክ፣ ከኦግደን እስከ ኦክላንድ በሰዘርን ፓሲፊክ ብትቀጥል ጉዞዋ ከ3,100 ማይል ይበልጣል። ከዚያ ውስጥ የባለቤቷ ድርሻ ሲሶም አይሞላም። ኦግደን ደግሞ ዩኒየን ፓሲፊክ ለሰዘርን ፓሲፊክ የሚያስረክብበት ጣቢያ ነው፤ ፎቶ አንሺው እዚያ የቆመበትን ምክንያት መገመት አይከብድም።

በማይል መታሰቡ ቀላል ነበር፤ ጉድለትም ነበረበት። የቆመ ፉርጎ አያስከፍልም። ስለዚህ በገና ሰሞን፣ የሁሉም ፉርጎ በሚያጥርበት ጊዜ፣ የጎረቤትን ፉርጎ በአንድ ጥግ ሐዲድ ላይ አቁሞ ለነገ ጭነት ማቆየት የሚያጓጓ ነገር ነው። ጭነቱን አራግፈህ ፉርጎውን ወደ ባለቤቱ አቅጣጫ መልስ የሚል ደንብ ነበር፤ ሲቻል በሚመለስ ጭነት፣ ሳይቻል ባዶውን። ደንብ መኖሩ ሌላ፣ መከበሩ ሌላ። ሥራውን ቀጥ አድርጎ ያቆየው ከደንቡ ይልቅ «ብድር በምድር» የሚባለው ነው። ዛሬ የፔንሲልቫኒያን ፉርጎ ያስቀረ ኩባንያ ነገ የእሱ ፉርጎ ኒውዮርክ ውስጥ እንደሚቀር ያውቀዋል። የኤክስፕረሱን ድርጅት ባለቤቶች ይያዙልኝ ያልሁትም ለዚህ ነው። ድርጅቱ ከገቢው ወጪውን አንስቶ የተረፈውን ለባቡር ኩባንያዎቹ እንደ ሥራቸው መጠን ያካፍል ስለነበር ዕቃው ሲዘገይ የሚጎዳው የሁሉም ኪስ ነው።

ፉርጎዋ ውስጥ ሰው ነበረ ወይ ለሚለው፣ የታሸገች ከሆነች ማንም የለም። ጭነቱ በየጣቢያው የሚወርድና የሚወጣ ከሆነ ግን የኤክስፕረስ ሠራተኛ አብሮ ይሄዳል፤ ለእሱም ምድጃ ወይም ማሞቂያ፣ የሚጠጣ ውኃና ሽንት ቤት ያስፈልጋል። እነዚህ የተሟሉላት ፉርጎ ጎኗ ላይ ትንሽ ኮከብ ይሣልባታል። ፎቶዎን በማጉያ ይዩት፤ ኮከብ ካለ ሰው የሚሠራባት ነበረች። ከሌለ ግን ታሽጋ የመጣች ናት ብለው እንዳይደመድሙ፤ ቀለም ይለቅቃል፣ ሲታደስም ይረሳል።

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሻንጣ ፉርጎን ከፖስታ መደርደሪያ ፉርጎ ጋር አያምታቱ። ይኸኛው ፖስታ ቤት በጎማ ላይ ማለት ነው፤ ሠራተኞቹ ሽጉጥ ታጥቀው እየሄዱ ደብዳቤ ይለያሉ። የሚሠራውም ፖስታ ቤቱ በወሰነለት መስመር ብቻ ስለሆነ ከቤቱ እምብዛም አይርቅም። አንድ የባቡር ሙዚየም ውስጥ «አገር አቋራጭ የፖስታ መደርደሪያ ፉርጎ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ያየሁት፣ በውስጡ አንዲት የደብዳቤ መደርደሪያ እንኳ ያልነበረበት ተራ የሻንጣ ፉርጎ ነው። ለኃላፊው ነግሬው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ስመለስ ጽሑፉ እንዳለ ነው፣ በአዲስ ቀለም።

ሩቅ የሄዱ ሌሎችም አሉ፤ ባጭሩ ላንሳቸው። የቲያትርና የሙዚቃ ቡድን 25 ቲኬት ከገዛ በብዙ መስመሮች አንድ የሻንጣ ፉርጎ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያገኝ ነበር። መጋረጃውና የመድረኩ ዕቃ እዚያ ላይ ተጭኖ ፉርጎዋ ከቡድኑ ጋር ከከተማ ከተማ፣ ከኩባንያ ኩባንያ ትዞራለች፤ የእርስዎ ሦስተኛ ግምት ለእነዚህ ይሠራል። የኤክስፕረስ ድርጅቱ ራሱ የነበሩት አረንጓዴ ባለ በረዶ ፉርጎዎች ደግሞ ቤት የላቸውም፤ እንጆሪው በደረሰበት ይገኛሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ፑልማን የሚባለው ፉርጎ ሠሪ ኩባንያ ለሠራዊቱ ከሠራቸው 2,400 የወታደር መኝታ ፉርጎዎች ብዙዎቹ አልጋቸው ተነቅሎ፣ መስኮታቸው ተደፍኖ ኤክስፕረስ ጫኞች ሆነዋል።

ይህ ሁሉ ሳይታሰብ ቆመ። መስከረም 1967 ፖስታ ቤቱ አብዛኛውን የመደርደሪያ ፉርጎ ውል ሰረዘ። ሌላውም ጭነት ወደ ከባድ መኪናና አውሮፕላን ዞረ። ብዙ የመንገደኛ ባቡር በሕይወት የቆየው በጆንያው ገንዘብ ስለነበር ጆንያው ሲሄድ ባቡሩም ተከተለው። ግንቦት 1 ቀን 1971 አምትራክ የሚባለው አገር አቀፍ የመንገደኛ ባቡር ድርጅት ከቀረው የረጅም ርቀት መንገደኛ ባቡር አብዛኛውን ሲረከብ የሻንጣ ፉርጎውም በአብዛኛው የአንድ ባለቤት ሆነ። የኤክስፕረስ ድርጅቱም በ1975 ከስሮ ተዘጋ።

አሁን ወደ ሞዴልዎ። አንድ የውጭ ፉርጎ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ጥርጥር ሳይገባዎ የፔንሲልቫኒያን ቢ60 የሚባለውን የሻንጣ ፉርጎ ዓይነት ይግዙ፤ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም፣ ክብ ጣሪያ፣ በሮቿ ላይ እንደ መርከብ መስኮት ክብ መስታወት ያላት። ኩባንያው በመቶዎች ስለነበሩት በአገሪቱ ውስጥ ያልታየችበት ማዕዘን የለም፤ ፎቶዎም ማስረጃ ነው። ሁለተኛ የሚገዙ ከሆነ አረንጓዴዋን የኤክስፕረስ በረዶ ፉርጎ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ አይሂዱ። ሰው ይህን የመዋዋስ ታሪክ ሲሰማ የሃያ ኩባንያ ቀለም በአንድ ባቡር ላይ መደርደር ያምረዋል፤ ፎቶዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት በራሱ በመስመሩ ባለቤት ፉርጎዎች መካከል የገቡ አንድና ሁለት እንግዶችን ነው። እንግዳዋን ቀለሙና ቅርጹ አንድ ወጥ ከሆነ፣ ስም ካለው ዘመናዊ ባቡር ጋር አይቀጥሏት። እነዚያን ኩባንያዎቹ ይሳሱላቸው ነበር፤ ካሊፎርኒያ ዜፈር ለምሳሌ የሻንጣ ፉርጎው ሳይቀር ከሦስቱ ባለቤቶች የተዋጣ የራሱ ስብስብ ነበረው። የእንግዳዋ ቦታ በየትንሹ ጣቢያ በሚቆመው የፖስታና ኤክስፕረስ ባቡር ላይ ነው፤ ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ የፉርጎ ሰልፍ፣ በጅራቱ ደግሞ ለሠራተኞቹና ለጥቂት መንገደኛ የምትሆን አንዲት አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ። የእንፋሎት ቧንቧውን ከሆዷ ስር መሥራት እንዳይረሱ፤ ከሞዴል ሱቅ የሚገዙ ርካሽ ፉርጎዎች ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው እሱ ነው። ልጅዎ የቧንቧውን ሥራ ከጠየቀ የፉርጎዋን መስኮቶች ሳይሆን ከኋላ ያሉትን መንገደኞች ያሳዩት።